ስልኬ በሜትር እየተሳሳተ፣ የተራራ እንቅስቃሴ በሚሊሜትር እንዴት ይለካል?

መምህር፣ «የስልኬ ጂፒኤስ ቆሜ እንኳ በሜትሮች ያንሸራትተኛል። በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር የሚሄድ ተራራ ታዲያ በዚሁ ሳተላይት እንዴት ይለካል?» ላሉት፣ በቅየሳ ሥራ ካየሁት ልመልስ።

ሳተላይቶቹ ያው ናቸው። ስልክ በአብዛኛው የሚያነበው ሞገዱ ላይ የተጫነውን ኮድ ነው። የእኛ መሣሪያ ግን ሞገዱን ራሱን ይከታተላል። የአንዱ ሞገድ ርዝመት 19 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ መሣሪያው የዚያን መቶኛ ይለያል። በሁለት ድግግሞሽ ስለሚቀበልም፣ አዮኖስፌር የሚባለው የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል በሞገዱ ላይ የሚፈጥረው መዘግየት ተሰልቶ ይወጣል።

እኔ ግን ከመሣሪያው ይልቅ ቦታው ይበልጣል እላለሁ። መረሬ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። አንቴናው እዚያ ላይ ከተተከለ ተራራ ለካሁ ሲሉ የለኩት አፈር ይሆናል። ስለዚህ ጠንካራ አለት ተፈልጎ፣ ተበስቶ፣ የብረት ካስማ ይቀበርበታል። ቦታ ፍለጋ ላይ ቀን ቢያልፍ አይቆጭም። ለአካባቢው ሰውም ነገሩን በደንብ ማስረዳት ነው፤ አለዚያ ሲመለሱ ካስማው ተነቅሎ ይጠብቅዎታል።

ከዚያ ትዕግሥት ነው። አንቴናው ሌት ተቀን ለቀናት ይቀበላል፤ በየጊዜው እዚያው ካስማ ላይ ይመለሳሉ፣ ወይም ቋሚ ጣቢያ ይተከላል። የአንድ ቀን ውጤት ወደ ጎን በጥቂት ሚሊሜትር ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ከፍታው ላይ ደግሞ ይብሳል። የብዙ ዓመት ነጥቦች ሲደረደሩ ግን መስመር ይሠራሉ። ፍጥነቱ የሚነበበው ከመስመሩ ነው። የአንድ ዓመት ልዩነት ብቻ ይዞ «ተራራው ይህን ያህል ሄደ» የሚልዎትን አይመኑ።

የአገራችንን ስምጥ ሸለቆ ይውሰዱ። አዲስ አበባ ከአፍሪካ ጋር አብራ በዓመት 3 ሴንቲሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ትጓዛለች። የአርሲና የባሌ ተራሮችም ወደዚያው ስለሚሄዱ፣ የሚፈለገው የሁለቱ ልዩነት ነው። ሲቀነስ፣ የምሥራቁ ደጋ ከምዕራቡ በዓመት 5 ሚሊሜትር ገደማ ሲርቅ ይታያል።

ይህ ሁልጊዜ በእርጋታ አይሄድም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ፣ ቅልጥ አለት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ፣ በሳምንታት ውስጥ መሬቱን እስከ 8 ሜትር ከፈተው። ቋሚ ጣቢያ በየቦታው ይተከል ብዬ የምወተውተው ለዚህ ነው።

ለተማሪዎችዎ የአዲስ አበባው ቋሚ ጣቢያ የዓመታት ውጤት ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ግራፉን አትመው ይስጧቸውና ፍጥነቱን በማስመሪያ ራሳቸው ያውጡት።