ቤቱ ውስጥ እየኖሩ የኩሽና የኤሌክትሪክ መስመር መቀየር፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ጅማ ውስጥ የቤት መስመር በመዘርጋት ነው የምተዳደረው። ኩሽና ስለማደስ የጠየቃችሁኝን እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን፤ እስኪያልቅ ቤት የምንከራይበት አቅም የለንም። የት እናበስላለን?

መልስ፦ እህቴ፣ አሮጌውን መስመር ቀድማችሁ አታስነቅሉ። አዲሱ ተዘርግቶ እስኪፈተሽ ድረስ አሮጌው ይሥራ። የተቆረጠ ጫፍም በናስትሮ ብቻ ተጠቅልሎ አይደር፤ ማያያዣ ገብቶለት ስካቶላ (የገመድ መገናኛ ሳጥን) ውስጥ ይከደን። ልጆች ያሉበት ቤት ነው። ከሁሉ በላይ የምለምንሽ ግን ኩሽናው ፈርሷል ብለሽ የከሰል ምድጃ መኝታ ቤት እንዳታስገቢ ነው። ጅማ ዝናቡ ሲበረታ በርና መስኮት ይዘጋል። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ቢጠፋም ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። በረንዳው ላይ ቆርቆሮ ጣል አድርጋችሁ እዚያ አብስሉ።

ጥያቄ፦ ምጣድ ስንሰካ ብሬከሩ ይወርዳል። ሠራተኛው በትልቅ ልቀይረው ይላል።

መልስ፦ እሺ እንዳትለው ወንድሜ። ብሬከር የሚጠብቀው ገመዱን ነው፤ ብሬከሩን አሳድገህ ገመዱን ከተውከው፣ የሚነደው ገመዱ ይሆናል። 3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። በቅርቡ አንድ ቤት ስካቶላ ስከፍት፣ የአምፖል ቀጭን ገመድ ከምጣዱ መስመር ጋር ተጠማዞ አገኘሁ። ናስትሮው እንደ ሬንጅ ቀልጦ ወርዷል፣ አጠገቡ ያለው ማገር ጠቁሯል። የቤቱ እመቤት ሽታውን ከምጣዱ የሚመጣ መስሏት ለወራት ዝም ብላለች። ለምጣድ ከብሬከር ሳጥኑ ቀጥታ የሚመጣ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ገመድና የራሱ 20 አምፔር ብሬከር ይደረግለት፤ ፍሪጅም አምፖልም አይጋራው። ለሌሎቹ ሶኬቶች 2.5፣ ለመብራት 1.5 ይበቃል። ዲቫይደር ላይ ምጣድ አይሰካም።

ጥያቄ፦ ቤታችን የጭቃ ነው። ግድግዳውን ቦርቡረን ገመዱን እንቅበረው?

መልስ፦ አልመክርም። ውስጡ እንጨትና ጭድ ነው፣ ጭቃውም ይረግፋል። በፕላስቲክ ቱቦ ከላይ ይሂድ። አያምርም ትሉኝ ይሆናል፤ ግን ነገ ችግር ቢመጣ ታዩታላችሁ።

ጥያቄ፦ ምጣዱን ስነካው ይነዝረኛል። የላስቲክ ጫማ አድርጌ ነው የምጋግረው።

መልስ፦ እማማ፣ ዛሬውኑ ይንቀሉት። ጫማው አያድንዎትም፤ እርጥብ ወለል ላይ የቆመ ልጅ ቢነካው ደግሞ ይብሳል። ምጣዱ ውስጡ ተበላሽቶ ወይም እርጥበት ገብቶት ኤሌክትሪኩ ወደ አካሉ እየፈሰሰ ነው፤ መሬት የሚወስደው ገመድም የለውም ማለት ነው። ምጣዱ ይጠገን፣ ኧርዝ (የመሬት መስመር) ይተከል፣ አረንጓዴና ቢጫው ገመድ እስከ ሶኬቱ ይድረስ። አንዳንዱ ሠራተኛ ኧርዙን ከኒውትራል (ከመላሹ ገመድ) ጋር ሶኬቱ ላይ ያገናኛል፤ ኒውትራሉ የተበጠሰ ቀን ምጣዱ ሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል። አቅም ከፈቀደ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲፈስ በ30 ሚሊአምፔር የሚወርደውን ብሬከር ይጨምሩ።

ጥያቄ፦ ራሴ ብሠራውስ?

መልስ፦ ቱቦ መለጠፍና ገመድ መሳብ ትችላለህ፤ ማገናኘቱን ለባለሙያ ተው። ቆጣሪውን ደግሞ መብራት ኃይል ብቻ ነው የሚነካው።

ጥያቄ፦ ሮመዳን ሳይገባ ይደርስልናል?

መልስ፦ መስመሩ ይደርሳል። ልስኑ ግን በዝናብ ወቅት ቶሎ አይደርቅም፤ እርጥብ ልስን ላይ ሶኬት አታስገጥሙ። ለአፍጥር ሾርባው በአዲሱ መስመር ይፍላ፣ ቀለሙ ከዒድ በኋላ ይቀባል።