አራተኛው ማስተር ቁልፍ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? በአንድ ከተማ ውሃ አገልግሎት ንብረት ክፍል ከተመደብኩ ሦስት ወሬ ነው። ከቀድሞው ሠራተኛ የተረከብኩት የወተት ጣሳ ሙሉ ቁልፍ ነው። ፓምፕ ቤቶቹ፣ ክሎሪን ክፍሉ፣ የማጠራቀሚያው በር ሁሉም በአንድ ማስተር ቁልፍ ይከፈታሉ። መዝገቡ «ማስተር 4» ይላል፤ ያገኘሁት ሦስት ነው። አለቃዬ «አንድ አስቀርጪና አራት አድርጊው» አሉኝ። ላስቀርጽ?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ብታስቀርጪ መዝገቡ ይሞላል እንጂ የጠፋው አይመለስም። እንዲያውም አምስት ይሆናል፦ አራቱ አንቺ ጋ፣ አንዱ የት እንዳለ የማይታወቅ።

እኔ በመብራት ማከፋፈያ ጣቢያ 22 ዓመት ቁልፍ ይዤ ነው ጡረታ የወጣሁት። ማስተር ድካም ይቀንሳል፣ አልክድም። ሲጠፋ ግን በሮቹ ሁሉ አብረው ይጠፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ጡረተኛ ቁልፍ ሠሪ የቁልፍ እስሩን ኢቤይ ላይ ለሽያጭ አወጣው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሕንፃ አሳንሰር የሚቆጣጠሩበት ቁልፍ ሳይቀር ነበረበት። ደግነቱ የገዛው ጋዜጣ ነው።

ሳይጠፋም አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2003 ማት ብሌዝ የተባለ ተመራማሪ እንዳሳየው፣ የአንድ ተራ ክፍል ቁልፍና የበሩ መቆለፊያ በእጁ ያለ ሰው ገና ጥርስ ባልተቀረጸባቸው ጥቂት ጥሬ ቁልፎች እየሞከረ ማስተሩን ሊደርስበት ይችላል። የመጥረጊያ ክፍሏ ቁልፍ የክሎሪን ክፍሉ ታናሽ እህት ናት ማለት ነው። «አይቀረጽም» የሚል ጽሑፍ ቢኖርበትም አትመኚው። ቀራጭ ቁልፉን ይቀርጻል እንጂ ጽሑፉን አያነብም።

ለአለቃሽ በቃል ሳይሆን በደብዳቤ ንገሪ፦ አንድ ማስተር ጠፍቷል፣ የመቆለፊያዎቹ ሆድ ይቀየር። በጀት የለም ይሉሻል። እንግዲያው ከክሎሪን ክፍሉ ጀምሩ። እሱ ከማስተሩ ወጥቶ ለብቻው ይቆለፍ።

ለቁልፍ ሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጽ) ላይ አንዴ አስፈርሞ መተው አይበቃም። የራሱ ደብተር ይኑረው፦ ማን ወሰደ፣ ስንት ሰዓት፣ መቼ መለሰ። እስክሪብቶውን በሲባጎ እሰሪው፤ ካላሰርሽው ከቁልፉ በፊት እሱ ይጠፋል። ማንም ከሥራ ሲለቅ ቁልፍ ሳይመልስ ክሊራንስ አይፈረምለት።

ጥብቅ ስትሆኚ ግን እንደኔ እንዳትሆኚ። አንድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መስመር ወደቀ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ፣ እኔ ገጠር ለቅሶ ላይ። ልጆቹ ጓጉንቸሩን በብረት መጋዝ ሲፈገፍጉ ነጋባቸው። ከዚያ ወዲህ አንድ መጠባበቂያ ቁልፍ በፖስታ አሽገን ተረኛው ጋ ማስቀመጥ ጀመርን። እሽጉ ላይ ሁለት ሰው ይፈርማል። ተረኛ ሲቀያየር ፖስታው አለመቀደዱን አይቶ ይረከባል። ከተቀደደ ምክንያቱ እዚያው ይጻፋል። ያን ጊዜ አለቃዬ «ለኔም አንድ» ብሎኝ ነበር። በዓመት አንዴ እንኳ ማከፋፈያው ደርሶ አያውቅም! አልሰጠሁትም፤ ሁለት ወር አኩርፎኛል።

ጣሳውን ደግሞ አንድ ቅዳሜ ይዘሽ ውጪ። እያንዳንዱን ቁልፍ በየበሩ ሞክሪ። የሚከፍተውን አናቱን ቀለም ቀቢና ቁጥር ስጪው፤ የበሩን ስም ግን እንዳትጽፊበት። የትኛውንም የማይከፍተውን ከንብረት ዝርዝር አሰርዢና በምስክር ፊት ለሁለት አስቆርጪው።