የአባቱን ሬሳ የነካ ልጅ «ርኩስ» ይባላልን?

ጥያቄ፦ ለሰንበት ትምህርት ቤት ስለ ኦሪት ሕግ ባዘጋጀሁት ጽሑፍ «የአባቱን በድን የነካ እስራኤላዊ ሰባት ቀን ርኩስ ነበር» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። ያነበቡት አንድ አባት «አባቱን የቀበረ ልጅ እንዴት ርኩስ ይባላል?» ብለው ተቆጡ። ቃሉን ልለውጠው?

መልስ፦ ቃሉን አይጣሉት፤ አገባቡን ግን ያስተካክሉት። የአባታችን ቁጣ ከዛሬው አማርኛ የመጣ ነው። ዛሬ አንድን ሰው «ርኩስ» ስንል ጠባዩንና ሥራውን እንነቅፋለን። ዘኍልቍ 19 ግን ስለ ጠባይ አይናገርም። ሬሳ የነካ፣ ሰው በሞተበት ድንኳን ውስጥ የተገኘ፣ በሜዳ ዐፅም ወይም መቃብር የነካ ሁሉ ሰባት ቀን ይረክሳል። በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን የቀይ ጊደር አመድ ያለበት ውኃ ይረጭበታል፤ ልብሱን አጥቦ፣ ገላውን ታጥቦ ማታ ይነጻል። ጊደሯን ያቃጠለውና አመዷን ያፈሰው ሰው ራሱ እስከ ማታ ይረክሳል። ለሌላው መንጻት የደከመ ሰው በየትኛው ኃጢአቱ ነው የረከሰው?

መርከስ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ መቅበርም በተከለከለ ነበር። ሕጉ ግን በእንጨት ላይ የተሰቀለ ወንጀለኛ እንኳ በዕለቱ እንዲቀበር ያዛል። ካህኑም ለእናቱ፣ ለአባቱ፣ ለልጆቹና ለወንድሙ እንዲረክስ ተፈቅዶለታል፤ ለወላጆቹም ቢሆን እንዳይረክስ የታዘዘው ሊቀ ካህናቱ ነው። በደሉ ሳይነጹ ቀርቶ መቅደሱን ማርከስ ነው። በኢትዮጵያ ይኖሩ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያን ይህን ሥርዓት አጥብቀው ይጠብቁ ነበር፤ ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ከመንደሩ ሰው ተለይቶ ይቆይ ነበር።

ታዲያ ቃሉ ለምን የነቀፋ ሆነ? ኢሳይያስ አስቀድሞ ስለ ረከሱ ከንፈሮች ተናግሯል፤ ለእኛ ጆሮ ግን ከሁሉ የበለጠ የሠራው ወንጌል ይመስለኛል። በማርቆስ 7 ሰውን የሚያረክሰው ከልቡ የሚወጣ ክፉ ሐሳብ ነው። በማርቆስ 5 ደግሞ «ርኩስ መንፈስ» ያደረበት ሰው በመቃብር ይኖራል። በዚያው ምዕራፍ መጨረሻ ጌታ የኢያኢሮስን ልጅ እጇን ይዞ ያስነሣታል። በኦሪት ርኩሰት ከሬሳው ወደ ነካው ሰው ይሻገር ነበር፤ እዚህ ሕይወት ከነካው ወደ ሬሳው ተሻገረች። ይህን ስፍራ ባነበብሁ ቁጥር እደነቃለሁ። ወደ ዕብራውያን መልእክት 9ም የጊደሯን አመድ ጠቅሶ የክርስቶስ ደም ሕሊናን «ከሞተ ሥራ» እንደሚያነጻ ይናገራል። አሁን መንጻት የሚያስፈልገው ከሞተ ሥራ ሆነ፤ የሰማዕታትን ዐፅም ክርስቲያኖች በክብር ማኖራቸውም ከዚህ እምነት ጋር ይሄዳል።

ስለዚህ በቅጽሉ ፈንታ ግሡን ይጠቀሙ። «ርኩስ ነበር» ሲሉ ነቀፋው ከሰውየው ጋር ይጣበቃል፤ «ረክሶ ቆየ» ሲሉ ግን መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ሁኔታ መሆኑ ይታያል። በ«ቆሻሻ» አይተኩት፤ ቆሻሻ በውኃ ብቻ ይለቃል፣ ቀንም አይጠብቅም። «በድን» ኦሪት ለእንስሳም የሚጠቀምበት ቃል ስለ ሆነ ለአባት ሲነገር ይከብዳልና «አስከሬን» ቢሉ ይሻላል፦ «የአባቱን አስከሬን የነካ እስራኤላዊ ሰባት ቀን ረክሶ ይቆይ ነበር።»