«ባዶ ተዪው» ያልኩበት ቀን

ሰሞኑን አንድ ወጣት ፕሮግራመር ጥያቄ ላከልኝ። «ጋሼ፣ የተሰረዘ ትዕዛዝ ያለባቸውን ደንበኞች ከዝርዝሩ ማስወጣት ፈልጌ ነበር። ትዕዛዙ ‹የተሰረዘ› ያልሆነውን አምጣ ብዬ ጻፍኩ። አሁንም ይመጣሉ። ዳታቤዙ ተበላሽቶ ይሆን?»

ዳታቤዙስ ደህና ነው። ሳነበው ፈገግ አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ግን አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለኝና ፈገግታው ጠፋ። እኔም በእሱ ዕድሜ ይህንኑ ስህተት ሠርቻለሁ። እሱስ ይሁን። የሚቆጨኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

ያኔ ብድር የሚሰጥ አንድ ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። ዳታቤዝ የሚጠየቅበትን ቋንቋ፣ ኤስኪውኤልን፣ ጨርሼዋለሁ ብዬ የማስብበት ጊዜ ነው። አለቃዬ ጠራኝና «ባለፉት 90 ቀናት ምንም ያልከፈሉ ተበዳሪዎችን አውጣልኝ፤ ማስጠንቀቂያ ይላክላቸዋል» አለኝ። ምን ችግር አለው! የተበዳሪዎችን ሠንጠረዥ ከክፍያዎች ሠንጠረዥ ጋር ጆይን አደረግኩ፤ ማለትም ረድፎቻቸውን አገናኘሁ። የክፍያው ቀን ከ90 ቀን በፊት የሆነውን አምጣ አልኩ። አንዱ ሰው አሥር ጊዜ፣ ሌላው አሥራ አንድ ጊዜ እየተደጋገመ መጣ። ተደጋጋሚውን አንዴ ብቻ የሚያሳየውን ዲስቲንክትን ጨመርኩበት። ድግግሞሹ ጠፋ፣ ዝርዝሩ አማረ፣ ላክሁት።

አሁን አስቡት። አንድ ተበዳሪ 12 ጊዜ ከፍሏል። 11ዱ የቆዩ ክፍያዎች ናቸው፤ 12ኛውን የከፈለው ባለፈው ሳምንት ነው። የእኔ ኩዌሪ፣ ማለትም ለዳታቤዙ የጻፍኩት ጥያቄ፣ የሚያየው ረድፍ በረድፍ ነው። 12ኛዋን ረድፍ ጣላት፣ 11ዱን አሳለፈ፣ ሰውዬው ዝርዝሩ ላይ ወጣ። ከተበደረ ጀምሮ አንዴም ያልከፈለውስ? እሱ የክፍያ ረድፍ ስለሌለው ጆይኑ ገና ከበር መለሰው። ማስጠንቀቂያው ለጎበዝ ከፋዮች ደረሰ፤ ዋናዎቹ ባለዕዳዎች ምንም አልሰሙም። በማግስቱ ስልኩ ሲጮኽ ዋለ።

ያ ድግግሞሽ የሆነ ነገር እየነገረኝ ነበር። እኔ አፉን በዲስቲንክት ዘጋሁት። እስከ ዛሬ የሰው ኩዌሪ ላይ ዲስቲንክት ካየሁ ወንበሬን ጠጋ አደርጋለሁ።

የጠያቂዬም ችግር ይኸው ነው። «ያልተሰረዘ ትዕዛዝ ያለው ደንበኛ» ሌላ፣ «የተሰረዘ ትዕዛዝ የሌለው ደንበኛ» ሌላ። ደንበኛውን ወላጅ፣ ትዕዛዞቹን ልጆች በሏቸው። የመጀመሪያው አንድ ልጅ አይቶ ይፈርዳል። ሁለተኛው ወላጁን ይዞ ልጆቹን በሙሉ ማየት አለበት።

ወደ ታሪኬ ልመለስ። አፍሬ አስተካከልኩት። በዚህ ጊዜ ኖት ኢን ተጠቀምኩ፦ ባለፉት 90 ቀናት ከከፈሉት ሰዎች ቁጥሮች ውስጥ የሌለውን ተበዳሪ አምጣ። ሁለት ወር በደንብ ሠራ። በሦስተኛው ወር ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ወጣ። አንድም ሰው የለም። አለቃዬ «ማስጠንቀቂያው ሠርቷል ማለት ነው» ብሎ አመሰገነኝ። እኔም ምስጋናዬን ተቀብዬ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ጠርጥሬ ነበር። ግን ምስጋና ሲሰጥህ ማን ይመረምራል?

ሒሳብ ክፍሎች ናቸው የነቁት። ገንዘቡ አልገባም፣ ባለዕዳ ደግሞ የለም፤ እንዴት ይሆናል? ስፈልግ ስፈልግ አንድ የክፍያ ረድፍ አገኘሁ። የተበዳሪው ቁጥር ባዶ ነው። ነል።

ነል ዜሮ ይመስላል፤ ለኤስኪውኤል ግን «አይታወቅም» ማለት ነው። 7 ቁጥር ተበዳሪ ከ3፣ ከ5 እና ከማይታወቅ አንድ ቁጥር መካከል የለም ወይ ብላችሁ ጠይቁት። 3 አይደለም። 5 አይደለም። ያ የማይታወቀው 7 ቢሆንስ? ስለዚህ መልሱ «አይታወቅም» ይሆናል፤ ረድፎቹን የሚያጣራው ዌር ደግሞ «እውነት» የተባለውን ብቻ ነው የሚያሳልፈው። በሺህ ረድፎች መካከል አንዲት ባዶ ሳጥን ሁሉንም ሰው ታስቀራለች።

ዳታን በሠንጠረዥ የማደራጀት ሐሳብ፣ የሪሌሽናል ሞዴል፣ አባት ኤድጋር ኮድ ሐሳቡን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። በኋላ ላይ ባዶው ሁለት ዓይነት ይሁን ብሎ ተከራክሯል፤ አንዱ «አለ ግን አላወቅነውም»፣ ሌላው «ጭራሹን አይመለከተውም»። ኤስኪውኤል ግን ለሁለቱም አንድ ነል ነው ያለው። የእኛ ረድፍ የመጀመሪያው ዓይነት ነበር። ገንዘቡን አንድ ሰው ከፍሏል፤ ማን እንደሆነ አልታወቀም።

ይህን እንዴት አወቅኩ? መዝጋቢዋ ነግራኝ ነበራ! ከሳምንታት በፊት ጠረጴዛዬ ድረስ መጥታ «ከፋዩ ያልታወቀ ገንዘብ ገብቷል፣ ቁጥሩ ላይ ምን ልጻፍ?» አለችኝ። እኔ ዓይኔን ከስክሪኑ ሳልነቅል «ባዶ ተዪው» አልኳት።

ስብሰባው ላይ ምክንያቱን ስጠየቅ «የዳታ ችግር ነው፣ ሳይሞላ የገባ መዝገብ አለ» አልኩ። ውሸት አይደለም። ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። እሷ ወደ እኔ አየች። ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። ዝም አለች። አለቃዬ ስለ ጥንቃቄ ረጅም ንግግር አደረገባት፤ እኔ ማስታወሻ የምይዝ መስዬ አቀረቀርኩ። ብዙም ሳትቆይ ሥራውን ለቀቀች። በዚያ ምክንያት ይሁን በሌላ አልጠየቅኳትም። መጠየቅ እችል ነበር።

እሺ፣ ምክር ብላችሁ የመጣችሁ አላችሁ። ኖት ኤግዚስትስ ተጠቀሙ። «ይህ ተበዳሪ፣ ባለፉት 90 ቀናት የከፈለው ክፍያ የሌለው» ብሎ እንደ ሰው ያነባል፣ ባዶ ሳጥን አያስደነግጠውም። ልጅ የሌለውንም ወላጅ የሚይዘውን ሌፍት ጆይን አድርጎ በልጁ በኩል ባዶ የሆነውን መያዝም ይሠራል፤ የቀኑን ሁኔታ ግን ሠንጠረዦቹ በሚገናኙበት በኦን ውስጥ አስገቡት። ዌር ውስጥ ከጣላችሁት እንደኔ ባዶ ዝርዝር ታቅፋችሁ ትቀመጣላችሁ። ይዘገያል የሚላችሁን አትስሙ። የዳታቤዝ ሶፍትዌሮቹ፣ ፖስትግሬስ ከ8.4 ጀምሮ፣ ማይኤስኪውኤል ከ8.0.17 ጀምሮ፣ ኖት ኤግዚስትስን አንታይ ጆይን (ጥንድ የሌላቸውን ብቻ የሚያወጣ ፈጣን ስልት) አድርገው ይሠሩታል። ይልቅ የልጁ ሠንጠረዥ ላይ ወደ ወላጁ የሚያመለክተው ቁጥር (ፎሪን ኪ) ፍለጋ የሚያፋጥን ኢንዴክስ እንዳለው እዩ፤ ፖስትግሬስ በራሱ አይሠራላችሁም።

ኖት ኢን የሚባል ነገር አትንኩ። እኔ ባለፈው ሳምንት ተጠቅሜአለሁ፤ ዓምዱ ነል እንደማይቀበል አይቼ ነው። እናንተ ግን አትንኩ።

የአሁን ልጆች አንድ ነገር ያናድደኛል። ኤአይን ይጠይቁታል፣ የሰጣቸውን ይለጥፋሉ፣ ውጤት ከመጣ ጨረሱ። ለምን እንደሠራ ግድ የላቸውም። እኔስ? ማኑዋሉን ከስብሰባው በኋላ ነው የገለጥኩት። ቢያንስ እናንተ ትጠይቃላችሁ።

ለልጁ ኩዌሪውን አስተካክዬ ላክሁለት። ወዲያው «ሠራ!» አለኝ። እኔም አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት፦ የትዕዛዙን ሁኔታ በእጁ የሚሞላው ማነው?

«አላውቅም ጋሼ» አለ። «ነገ ሄጄ ጠይቄ እነግርዎታለሁ።»