ፒሲኦኤስ ከእናቴ ነው የመጣብኝ ወይስ ከአባቴ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 26 ዓመቴ ነው። ወር አበባዬ ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ሦስት ወር ይጠፋል። አገጬ ላይ ጠቆር ያለ ፀጉር ይወጣል። በቅርቡ ፒሲኦኤስ (ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም) የሚባል የሆርሞን መዛባት እንዳለብኝ ተነገረኝ። በዘር የሚመጣ ነው ሲሉኝ ግራ ገባኝ። እናቴ አምስት ልጆች ወልዳለች፣ ወር አበባዋም ተዛብቶባት አያውቅም። አባቴ ግን ስኳር አለበት። 15 ዓመት የሆናት ታናሽ እህቴስ? አሁኑኑ ትመርመር?

መልስ፦ አባትዎን ማንሳትዎ ጥሩ ነው። ስለ ቤተሰብ ስጠይቅ አብዛኞቹ ሴቶች እናትና አክስት ብቻ ይቆጥሩልኛል። «አባትስ?» ስል ይስቃሉ። ኦቫሪ፣ ማለትም የሴት እንቁላል ማምረቻ፣ የሌለው ሰው የኦቫሪ ችግር እንዴት ያወርሳል? ያወርሳል።

ፒሲኦኤስን ብቻውን የሚያመጣ አንድ ጂን የለም። በ2011 ቻይና ውስጥ በተሠራ ሰፊ ጥናት ሦስት የዘረመል ቦታዎች ተለዩ፤ ዛሬ ከ20 በላይ ደርሰዋል። አንዱ የወንድ ሆርሞን የሚያመርቱትን የኦቫሪ ሕዋሳት ይነካል፣ ሌላው ደግሞ ኢንሱሊንን (የደም ስኳርን የሚያወርደውን ሆርሞን) የሚቀበለውን የሕዋስ በር። እያንዳንዱ የሚጨምረው ትንሽ ነው። ከአባት ትንሽ፣ ከእናት ትንሽ ተጠራቅሞ ነው ልጅ ላይ ሚዛን የሚደፋው። እናትዎም የድርሻቸውን ይዘው፣ ምንም ሳይታይባቸው አምስት ወልደው ሊሆን ይችላል።

የአባትዎ ስኳር ዓይነት ሁለት ከሆነ እዚህ ጋ ይገባል። ሰውነት ኢንሱሊንን አልሰማ ሲል ቆሽት አብዝቶ ያመርታል። የበዛው ኢንሱሊን ደግሞ ኦቫሪ የወንድ ሆርሞን እንዲጨምር ይገፋፋል። እንቁላል የያዙት ከረጢቶች ማደግ ይጀምሩና መንገድ ላይ ይቆማሉ። በአልትራሳውንድ ዳር ዳሩን እንደ ዶቃ ተደርድረው የሚታዩት ጥቋቁር ነጠብጣቦች እነሱ ናቸው፤ ከ2 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ቢሆኑ ነው። ሲስት (ፈሳሽ የቋጠረ እብጠት) አይደሉም። ስሙ ብቻ ነው ሰው የሚያስደነግጠው።

በ2006 ኔዘርላንድስ ውስጥ መንትዮች ላይ የተሠራ ጥናት የዘርን ድርሻ ወደ 70 በመቶ አድርሶታል። ይህች ቁጥር ብዙ ሰው ታሳስታለች። ከ100 ልጆችዎ 70ዎቹ ይያዛሉ ማለት አይደለም። በሴቶች መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው ከዘር ይመጣል ማለት ነው። ቀሪው ክብደት፣ እንቅስቃሴ፣ እንቅልፍና ሌላም ሌላም ነው። የጂን ምርመራ ካቀረቡልዎት ገንዘብዎን ይቆጥቡ፤ ለሕክምናዎ የሚለውጠው ነገር የለም።

ወደ እህትዎ እንምጣ። የታማሚ እህቶች ዕድላቸው ከሌላው ከፍ ይላል። ግን በ15 ዓመቷ አልትራሳውንድ አያስፈልጋትም። በዚህ ዕድሜ የጤነኛ ልጅ ኦቫሪም ያንኑ ዶቃ ያሳያል። ወር አበባ ካየች ስምንት ዓመት እስኪሞላት ምስሉ ለምርመራ አይታመንም። አሁን የሚያስፈልጋት ቀኑን መመዝገብ ብቻ ነው። ማየት ከጀመረች ሦስት ዓመት አልፏት ከአንዱ ወር አበባ እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ ከ35 ቀን እየበለጠ፣ ፊቷ ላይ ከባድ ብጉር ወይም ፀጉር ከታየ ሐኪም ጋ ትሂድ። እባክዎ «አንቺም አለብሽ» አይበሏት።

እርስዎ ግን ሁለት ነገር አያሳልፉ። ምርመራዎ ሲደረግ ታይሮይድ (የአንገት እጢ)፣ ፕሮላክቲን (የጡት ወተት የሚያመጣው ሆርሞን) እና ከኩላሊት በላይ ያለው እጢ ሆርሞን ታይቶ እንደሆነ ይጠይቁ። የዚያ እጢ በዘር የሚተላለፍ ችግር ከፒሲኦኤስ ጋር ቁርጥ አንድ ዓይነት ምልክት አለው። ሁለተኛ፣ በአባትዎ ምክንያት የስኳር ምርመራ ያድርጉ። 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥተው ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚለካው ይሻላል፤ በባዶ ሆድ የሚለካው ብዙ ጊዜ ችግሩን ያልፈዋል።

ወር አበባዎ 90 ቀን ከጠፋ ደግሞ ዝም ብለው አይጠብቁ። የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ሳይወርድ ሲከማች ቆይቶ መዘዝ አለው፤ የሚያወርድ መድኃኒት አለ። ከዚያ በፊት ግን የእርግዝና ምርመራ ያድርጉ። ፒሲኦኤስ ስላለብኝ አላረግዝም ብለው ተዘናግተው አራተኛ ወራቸው ላይ የመጡብኝ ሴቶች አሉ።