ለዘጌው ጀልባ ጠያቂ፦ ገመድ ከማሰርህ በፊት ውኃውን ለካ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ጀልባህ ዘጌ አጠገብ ድንጋይ ላይ ወጥታ ፊቷ ተቀዷል፤ ሰው ሁሉ «ተዋት» ይልሃል። አንተም የአዲ ጊልን ታሪክ አንብበህ «እነሱ እንኳ ትተዋት ከሄዱ እኔ ምን አቅም አለኝ» ብለሃል። ንጽጽሩ አይገጥምም።

አዲ ጊል፣ ሲ ሼፐርድ የተባለው ድርጅት የዓሣ ነባሪ አደንን ለመቃወም ያሰማራት ጀልባ ነበረች። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6 ቀን 2010 ደቡባዊ ውቅያኖስ ላይ ሾናን ማሩ 2 ከተባለች የጃፓን መርከብ ጋር ተጋጭታ ፊቷ ተቆረጠ። ስድስቱ ሠራተኞች ቦብ ባርከር ወደምትባለው ወደ ሌላዋ የሲ ሼፐርድ መርከብ ተሻገሩ፤ መጎተቱ ተሞክሮ አልሆነም፤ ሰመጠች። ካፒቴኗ ፒት ቤቱን ኋላ ላይ «ሆን ብለን እንድናሰጥማት ታዘን ነው» ሲል የሲ ሼፐርድ መሪ የነበረው ፖል ዋትሰን ካደ። እሱን ለእነሱ ልተወው። እዚያ በረዶ ነው፣ የሚጠግን የለም፣ የሰመጠም አይወጣም። ጣና ግን ጥልቅ የሚባለው ቦታ 15 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ያንተ ብትሰጥም እንኳ የት እንዳለች ታውቃለህ።

1. ቀዳዳውን ለካ፤ ስፋቱን ብቻ ሳይሆን ከውኃ በታች ስንት እንደወረደም ጭምር። ግማሽ ሜትር ዝቅ ያለ፣ ወርዱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ቀዳዳ በደቂቃ 220 ሊትር ገደማ ያስገባል። ወርዱ 10 ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል፣ ወደ 900 ሊትር። ካርቶኗ ላይ በደቂቃ 70 ሊትር የተጻፈባት የባትሪ ፖምፓ የትም አታደርስህም። ባልዲ የያዘ ጎበዝም በደቂቃ 100 ሊትር ቢያወጣ ነው፣ ያውም ወገቡ እስኪዝል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቀዳዳውን አሳንስ። ፍራሽ ከውስጥ የሚወትፉ አሉ፤ ውኃው መልሶ ይተፋዋል። ሸራ አራት ጫፉን በገመድ አስረህ፣ መሀሉ ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ ሰፍተህ፣ ከጀልባዋ ሥር አሳልፈህ ከውጭ አልብሳት። ያኔ ውኃው ራሱ ገፍቶ ያጣብቅልሃል። ፖምፓው እየሠራ ውስጠኛው ግድግዳ ላይ ውኃው የደረሰበትን በከሰል አስምርና 10 ደቂቃ ጠብቅ። ውኃው መስመሩን ከዋጠው አትጎትት። ከመስመሩ በታች ከወረደ ጀልባ አለችህ።

2. ውስጥ የቀረውን ውኃ አትናቀው። 20 ካሬ ሜትር ወለል ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ውኃ ማለት 2 ቶን ነው፤ ያውም ጀልባዋ ባዘመመች ቁጥር ወደ አንድ ጎን የሚሮጥ 2 ቶን። ብዙ ጀልባ የሚገለበጠው በዚህ እንጂ በቀዳዳው አይደለም።

3. መጎተቱ። ገንዘብም ጀልባም የሚጠፋው እዚህ ላይ ነውና በተራ ቁጥር መዘርዘሩን ልተወውና በደንብ ልንገርህ። ፊቷ የተቀደደን ጀልባ ከፊት አስሮ መጎተት ውኃውን በአፏ ማጋት ነው። ከኋላዋ ይታሰራል። ግን ሞተሩን አስቀድመህ አውርድ፤ አለዚያ ኋላዋ ዝቅ ብሎ በሞተር መስቀያው በኩል ትጠጣለች። ገመዱን አንድ ቀለበት ላይ አትሰር፣ ይነቀላል፤ ግራና ቀኝ አስረህ እንደ ቀንበር መሀል ላይ አገናኘው። ማንም ሰው የምትጎተተዋ ላይ አይቀመጥ፣ በገመዱ መስመርም አይቁም፤ የተበጠሰ ናይለን ሰው ይገድላል። ጎታቹ ጀልባ ላይ መጥረቢያ ይኑር፤ ከሰመጠች ሳትወስዳችሁ ትቆርጣላችሁ።

ፍጥነቱ የሰው እርምጃ ነው፣ በሰዓት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ገመዱ ላይ ያለው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ጎታቾች ደግሞ ይቸኩላሉ፤ ለቱሪስት መድረስ አለባቸው። ዋጋውን በሰዓት ሳይሆን በጠቅላላ ተዋዋል፣ ያኔም ቢሆን «ቀስ» እያልክ ትጨቃጨቃለህ። ንጋት ላይ ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ ጣና ይነሣል። እምቦጭ ባለበት አትለፉ፤ ገመዱ እያጨደ ይሰበስበውና ሁለተኛ ጀልባ የምትጎትት ያህል ይከብድሃል።

ብትሰጥምስ? ከጀልባዋ ጋር የታሰረ ባለ 200 ሊትር በርሜል ውኃ ውስጥ በአየር ሲሞላ 180 ኪሎ ገደማ ያነሣል። 900 ኪሎ የሚመዝን ፋይበር ግላስ ውኃ ውስጥ 330 ኪሎ አካባቢ ብቻ ነው፤ የብረት ጀልባ ግን ከክብደቱ የሚቀንሰው ስምንት አንድ እጁን ያህል ነው። ታች ያለውን የበርሜል አፍ አትክደን፤ ከ10 ሜትር ሲወጣ አየሩ ከእጥፍ በላይ ይሰፋል፣ መውጫ ካጣ በርሜሉ ይፈነዳል።

የሰመጠ ሞተር ካለ መካኒኩ እስኪደርስ ውኃ ውስጥ ይቆይ፤ ዝገቱ የሚፈጥነው አየር ሲያገኝ ነው። ካንዴላውን ፍታ፣ በእጅ አዙረህ ውኃውን አስወጣ፣ ዘይት ጨምርበት፣ ካርቡራቶሩን አራግፍ። አልዞርም ካለ አታስገድደው፣ ቢየላው (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ተጣሞ ይሆናል።

መተው ያለብህ መሀል አከርካሪዋ ከተሰነጠቀ ነው። የግሪንፒስ ድርጅት መርከብ ሬይንቦ ዋሪየር እ.ኤ.አ. በ1985 ኒውዚላንድ ውስጥ ኦክላንድ ወደብ ላይ በፈንጂ ከሰመጠች በኋላ ተነሥታ ነበር፤ መጠገኗ ስላላዋጣ እ.ኤ.አ. በ1987 እዚያው አገር ማታውሪ ቤይ ላይ የዓሣ መጠለያ እንድትሆን ተደርጋ ሰመጠች። አንተም ብትተዋት ነዳጁን፣ ዘይቱንና ባትሪውን አውጣ፤ ከዚያ ውኃ የሚጠጣ ሰው አለ። የሞተሩን ቁጥርም ፎቶ አንሣ፤ ቢሮ ስትሄድ «ባለቤቱ መሆንህን በምን እናውቃለን» ብለው ከበር ይመልሱሃል።

የቀዳዳውን ወርድና የጀልባዋን ርዝመት እዚህ ጻፍልኝ፣ ብረት ትሁን ፋይበርም ንገረኝ። ስንት በርሜል እንደሚበቃህ አሰላልሃለሁ።