ጉራዕ ላይ ስለነበረው ባለ አንድ እጅ አሜሪካዊ

ወንድሜ፣ ኢትዮጵያና ግብጽ በተዋጉበት ጉራዕ ላይ ከግብጾች ጎን የተሰለፈ አንድ እጅ የሌለው አሜሪካዊ ጄኔራል ነበር ወይ ላልከው፣ አዎ ነበር። ዊልያም ሎሪንግ ይባላል። ግራ እጁን ያጣው በ1847 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ከሜክሲኮ ጋር ስትዋጋ ሜክሲኮ ሲቲ በር ላይ ነው። ሐኪሙ ሲቆርጠው ሲጋራውን እያጨሰ ነበር ይባላል፤ ጉድ እኮ ነው! በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከደቡቦቹ ጋር ተሰልፎ ተሸነፈ። በ1869 የግብጹ ገዥ ኬዲቭ እስማኤል ቀጠረው።

በ1876 የግብጽ ጦር አዛዥ የራቲብ ፓሻ ኤታማዦር ሹም ሆኖ መጣ። ራቲብ ምሽጋችን ውስጥ እንቆይ ሲል፣ ሎሪንግ ወጥተን እንግጠም ብሎ ወተወተ። ወጡ። የአፄ ዮሐንስ ጦር ድባቅ መታቸው። በኔ ግምት ራቲብ ልክ ነበር፤ በቀጣዮቹ ቀናት ምሽጉን ያጠቁት የኛዎቹ ብዙ ሰው አልቆባቸዋል። ሎሪንግ ግን ተርፎ አገሩ ገባ፤ በ1886 ኒው ዮርክ ሞተ።